በቃል ያለ ሲወረስ፤ ስለ ሂንዱዎች የሳንስክሪት ዜማ ትምህርት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ተማሪ የመምህሩን ቃል በደብተሩ እንዲጽፍ የሚመከረው፣ አዲስ የተሾመ ሹምም በጉባኤ የሰማውን በማስታወሻው እንዲያሰፍር የሚነገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ወረቀት ያልያዘውን ነገር ጊዜ ይወስደዋል ብለን ሁላችንም እናምናለን።

ነገር ግን ይህን ምሳሌ ገልብጦ የያዘ ትልቅ ሕዝብ አለ። በሕንድ አገር የሂንዱ ሃይማኖት ሊቃውንት እጅግ የከበረውን የጸሎት ቃላቸውን ለሰው አፍና ጆሮ አደራ ሰጥተው፣ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። የሚያስደንቀውም ቃሉ ሳይጠፋ መቆየቱ ብቻ አይደለም፤ በሰሜንና በደቡብ ተራርቀው የኖሩ ደጋሚዎች ሲያሰሙት፣ በዜማው አካሄድ ልዩነት ቢኖርም፣ ቃሉ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት እንዴት ይሰጣል? ማንስ ሊማረው ይፈቀድለታል? ወደ ፊትስ ይኖራልን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የተሰማው ቃል

ቬዳ ማለት በሳንስክሪት ቋንቋ ዕውቀት ማለት ነው። ቬዳዎች አራት ሲሆኑ ስማቸው ሪግ ቬዳ፣ ያጁር ቬዳ፣ ሳማ ቬዳና አታርቫ ቬዳ ይባላል። በዕድሜ ከሁሉም የሚቀድመው ሪግ ቬዳ በዐሥር ክፍል የተመደቡ 1028 መዝሙሮች አሉት፤ የቁጥሮቹም ብዛት ከ10,000 በላይ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ብዙዎቹ መዝሙሮች የተደረሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 እና በ1000 ዓመት መካከል እንደሆነ ይገምታሉ። መዝሙሮቹ አግኒ ለተባለው የእሳት አምላክ፣ ኢንድራ ለተባለው የነጎድጓድ አምላክ፣ ኡሻስ ለተባለችው የንጋት እመቤትና ለሌሎችም የቀረቡ ምስጋናዎችና ልመናዎች ናቸው።

ሂንዱዎች እነዚህን መጻሕፍት «ሽሩቲ» ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም «የተሰማው» ማለት ነው። ሪሺ የሚባሉት የጥንት ጠቢባን ቃሉን ሰሙት እንጂ አልደረሱትም ብለው ስለሚያምኑ ነው። እንደ ማሐባራታ ያሉት ሌሎች የሃይማኖት ድርሳኖች ግን «ስምሪቲ»፣ ማለትም «የታወሰው» ተብለው በሁለተኛ ደረጃ ይቆጠራሉ። የተሰማ ነገር ደግሞ መተላለፍ ያለበት በመስማት ነው። ስለዚህ ማክስ ሙለር የተባለው የጀርመን ተወላጅ ሊቅ ከ1849 እስከ 1874 ድረስ ሪግ ቬዳን በስድስት ጥራዝ ባሳተመ ጊዜ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን አግኝተው ቢደሰቱም፣ ለባህላዊው የሕንድ መምህር ግን የትክክለኛው ቃል ዳኛ በቃሉ የሚያውቀው ሰው እንጂ የታተመው ወረቀት አልሆነም።

ትምህርቱ እንዴት ይጀመራል?

በጥንቱ ሥርዓት የብራህሚን ወገን የሆነ ልጅ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው «ኡፓናያና» የተባለው ሥርዓት ይፈጸምለታል። በግራ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ በቀኝ ጎኑ የሚወርድ የጥጥ ክር ይደረግለታል። ከዚያም ጋያትሪ የምትባለው ጸሎት በጆሮው በቀስታ ትነገረዋለች። ይህች ጸሎት ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ ክፍል የተገኘች፣ ሳቪትር ለተባለው የፀሐይ አምላክ የቀረበች ስትሆን፣ በሦስት ስንኝ የተከፈሉ 24 ቀለሞች አሏት። አእምሮን የሚያነቃ ብርሃን ለማግኘት የምትጸለይ ናት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ይደግማታል።

ልጁ ወደ መምህሩ ቤት፣ ማለትም ወደ ጉሩኩላ ወይም ወደ ቬዳ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ተማሪዎች በመምህሩ ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መምህሩ ጥቂት ቃላት ያሰማል፤ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ ይደግሙታል። ስሕተት ከተሰማ ያው ቃል እንደገና ይነገራል። ያልተሳሳተው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በየቀኑ የተማሩትን ለብቻቸው ብዙ ጊዜ ይከልሱታል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ቀን፣ እንዲሁም ነጎድጓድ በሚሰማበት ጊዜ አዲስ ትምህርት አይሰጥም። በዚህ ዓይነት አንድን ቬዳ በቃል ለመያዝ ስምንት ዓመት ያህል፣ ከፍ ያለውን ደረጃ ለመጨረስ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ደጋሚ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ስድስት ነገሮችን ይዘረዝራል። እነርሱም የድምፁ ዓይነት፣ የዜማው ከፍታና ዝቅታ፣ የድምፁ ርዝመት፣ የአነጋገሩ ኃይል፣ የአካሄዱ እኩልነትና የቃላቱ መያያዝ ናቸው። በማድራስ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ከተማ የሚያስተምሩ መምህራን እስከ አሁን ድረስ ለጀማሪ ተማሪ አስቀድመው የሚያስረዱት እነዚህኑ ስድስት ነጥቦች ነው።

የመጀመሪያውን ብንወስድ፣ የሳንስክሪት ፊደል ራሱ የአፍ ካርታ ነው ሊባል ይችላል። ሃያ አምስቱ ተነባቢዎች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ከጉሮሮ ይጀምሩና በላንቃና በጥርስ አልፈው በከንፈር ይጨርሳሉ። እኛ በአንድ «ተ» የምንጠራውን ድምፅ ሳንስክሪት በአራት ይከፍለዋል። ምላስ ጥርስን ሲነካ አንድ ነው፤ ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ ላንቃን ሲነካ ሌላ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ትንፋሽ ሲታከልባቸውና ሳይታከልባቸው ይለያያሉ። የውጭ አገር ሰው «ተ»ን ከ«ጠ» ለመለየት ሲቸገር አይተን ፈገግ የምንል እኛም በዚህ ትምህርት ቤት ብንቀመጥ ያው ይደርስብናል።

የዜማው ከፍታ ሦስት ዓይነት ነው፤ ኡዳታ፣ አኑዳታና ስቫሪታ ይባላል። በመጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ዝቅ የሚለው ቀለም ከሥሩ አግድም ሰረዝ፣ ከፍ ብሎ የሚነገረው ከላዩ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይደረግለታል፤ የቀረው ምልክት የለውም። ዳሩ ግን ምልክቱ ለሚያውቅ ማስታወሻ ይሆናል እንጂ ላላወቀ አስተማሪ አይሆንም። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በኬራላ የሚኖሩት ናምቡዲሪ የተባሉት ብራህሚኖች ይህን የሚያስተምሩበት ዘዴ እጅግ የሚያስገርም ነው። መምህሩ የልጁን ራስ በእጁ ይዞ፣ ድምፁ ዝቅ ሲል ራሱን ዝቅ፣ ከፍ ሲል ቀና፣ ሲለወጥ ወደ ጎን ያደርገዋል። ልጁ ቃሉን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በአንገቱም ይማረዋል ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ምላሱ ቢያመነታ አንገቱ ያስታውሰዋል።

ስለ ርዝመቱ ደግሞ የድምፅ ትምህርት ሊቃውንት ልኩን በወፎች ጩኸት ያስረዳሉ። የቁራ ጩኸት ሁለት ልክ፣ የጣዎስ ጩኸት ሦስት ልክ ነው ይላሉ። ሰዓት ቆጣሪ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ለመንደር ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መለኪያ ሊገኝ አይችልም ነበር።

እነዚሁ ሊቃውንት መጥፎ ደጋሚ የሚሏቸውን ስድስት ሰዎች ለይተው ጠቅሰዋል። እንደ ዘፈን የሚያዜም፣ የሚቸኩል፣ ራሱን ያለ ልክ የሚነቀንቅ፣ ከጽሑፍ እያየ የሚያነብ፣ ትርጓሜውን የማያውቅና ድምፁ የደከመ ናቸው። ከጽሑፍ ማንበብ ከነውር መቆጠሩን ልብ ይሏል! መልካሙን ደጋሚ ግን ግልገሎቿን በጥርሷ ይዛ ከምትሄድ ነብር ጋር ያመሳስሉታል። ጥርሷን ብታላላ ይወድቁባታል፤ ብታጠብቅ ትጎዳቸዋለች። ቃልም እንዲሁ ነው፤ ሊጣልም ሊነከስም አይገባውም።

በአንድ ድምፅ የጠፋ ልጅ

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ሂንዱዎች ለዚህ የሚነግሩት ታሪክ አለ። ትቫሽትሪ የተባለው ኃያል ኢንድራ ልጁን ስለገደለበት ተቆጥቶ፣ ኢንድራን የሚገድል ሌላ ልጅ እንዲወለድለት የመሥዋዕት ሥርዓት አደረገ። «ኢንድራን ገዳይ» የሚል ትርጓሜ ያለውን ቃል በሚጠራበት ጊዜ ግን ከፍ ማድረግ የነበረበትን ድምፅ ቦታውን ሳተ። በዚህ ምክንያት ቃሉ «ኢንድራ የሚገድለው» የሚል ሆነ። ቭሪትራ የተባለው ልጅ ተወለደ፤ ኢንድራም ገደለው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ይመታል» የሚለውን ቃል እንመልከት። አላልተን ብናነበው ሰውዬው መቺ ነው፤ አጥብቀን ብናነበው ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሰውዬው ግን ዱላ ያዥ ወይም ዱላ ተቀባይ የሚሆነው በአንባቢው አፍ ነው። ወረቀቱ ይህን ሊነግረን አይችልም። የሕንድ ሊቃውንት በጽሑፍ ላይ እምነት ያጡት በዚህ ዓይነቱ ጉድለት ነው። በነሱ እምነት ደግሞ ጉዳዩ ከትርጓሜ ያልፋል፤ የጸሎቱ ድምፅ ራሱ የሥርዓቱ አካል ስለሆነ፣ ድምፁ ከተበላሸ ሥርዓቱም ተበላሸ ማለት ነው።

ቃልን በቃል መቆለፍ

ሰው የሚረሳ ፍጡር መሆኑን መምህራኑ አልካዱም። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ በልዩ ልዩ ቅደም ተከተል ማጥናትን ዘዴ አደረጉት። በመጀመሪያ ተማሪው መዝሙሩን እንደተያያዘ ይማረዋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ያጠናል። ሦስተኛ፣ ቃላቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ያያይዛል፤ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ይህ «ክራማ» ይባላል። ከዚያ «ጃታ»፣ ማለትም ሹሩባ የሚባለው ይመጣል፤ 1-2፣ 2-1፣ 1-2 እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጎነጎን ነው።

የሁሉም ቁንጮ «ጋና» ይባላል። አካሄዱ 1-2፣ 2-1፣ 1-2-3፣ 3-2-1፣ 1-2-3 ነው። ከዚያ ከሁለተኛው ቃል ተነሥቶ 2-3፣ 3-2፣ 2-3-4፣ 4-3-2፣ 2-3-4 ይላል። አንባቢያችን በእርሳስ ቢቆጥረው በመካከል ያለ እያንዳንዱ ቃል ዐሥራ ሦስት ጊዜ እንደሚጠራ ያገኛል። በሳንስክሪት ሁለት ቃላት ሲገናኙ የመጨረሻው ድምፅ ስለሚለወጥ፣ ቅደም ተከተሉ በተገለበጠ ቁጥር ተማሪው አዲሱን ግንኙነት በሰዋስው ሕግ ማስተካከል አለበት። ይህን የጨረሰ ሰው «ጋናፓቲ» የሚል የክብር ስም ያገኛል።

ወደ ኋላ የተደገመ ጸሎት ትርጉም አይሰጥም፤ ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ጥቅሙ እንደ ገንዘብ ቤት ሒሳብ ነው። ሒሳብ ሹም ድምሩን ከላይ ወደ ታች ቆጥሮ ሲጨርስ ከታች ወደ ላይ ደግሞ ይቆጥረዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተት አለ። እንዲሁም አንድ ቃል ከተዘለለ ወይም ከተለወጠ በሌላው ዓይነት ድጋም ይጋለጣል። በኬራላ በካዳቫሉር መንደር ባለው የራማ ቤተ መቅደስ፣ የትሪሱርና የቲሩናቫያ የሚባሉት ሁለቱ የሪግ ቬዳ ትምህርት ቤቶች «አንዮንያም» የተባለ ውድድር ያደርጋሉ። የአንዱ ወገን ተማሪ ሲደግም የሌላው ወገን ሊቃውንት ስሕተቱን ይጠብቃሉ። ከዚህ የሚበልጥ ፈተና በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

ዜማ ቤት ያለፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ሁሉ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። የግዕዝ ንባብ ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ የድምፁን አካሄድ ይማራል፤ ቀለሙን በቃሉ ይቀጽላል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ሁለቱ ትምህርቶች አንዱ ከሌላው ተወለደ አንልም፤ ሃይማኖታቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ነው። ሆኖም ቃልን ከሰው ልብ ውስጥ ለማኖር የፈለጉ ሁለት ሕዝቦች ወደ ተመሳሳይ ዘዴ መድረሳቸው ያስደስታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመቶች ከኬራላና ከሌላው የሕንድ ክፍል መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ መምህራን ብዙ ነበሩ። ከመጡበት አገር እንዲህ ያለ የትምህርት ዘዴ እንዳለ ተማሪዎቻቸው የሚያውቁ አይመስለንም።

በየቤቱ የሚሰማው ዜማ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ቬዳ ሊቃውንት ነው። የሕንድ ሕዝብ ግን ሁሉም ሊቅ አይደለም፤ ጸሎት ግን ሁሉም ይሻል። ስለዚህ ከቬዳ ሌላ «ስቶትራ» የሚባሉ የምስጋና ድርሰቶች አሉ። እነዚህ እንደ ቬዳ በሦስቱ የድምፅ ከፍታዎች የታሰሩ ስላልሆኑ ማንም ሰው ሊማራቸው ይችላል። ከማሐባራታ የተገኘው የቪሽኑ ሺህ ስሞች ጸሎት ከሁሉ የታወቀ ነው፤ በእርጋታ ሲደገም ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ላሊታ ለተባለችው እመቤት የሚደገመውን የሺህ ስሞች ጸሎት ደግሞ ሴቶች በማኅበር ተሰብስበው ያደርሱታል።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ እንቅፋትን ያስወግዳል ከሚባለው ከጋኔሻ አጭር ምስጋና ይነሣል፤ ቀጥሎ ወደ ስቶትራዎቹ፣ ትጋትና መምህር ያገኘ ደግሞ እንደ ፑሩሻ ሱክታ ወዳሉት የቬዳ መዝሙሮች ይሻገራል። ፑሩሻ ሱክታ በሪግ ቬዳ ዐሥረኛ ክፍል ያለች ባለ 16 ቁጥር መዝሙር ናት። ሺቫን የሚያከብሩ ሰዎች ከያጁር ቬዳ የተገኘውን ሩድራም ይወዳሉ፤ በትልቅ በዓል ዐሥራ አንድ ካህናት ዐሥራ አንድ ጊዜ ይደግሙትና 121 ያደርሱታል። ቀን በቢሮ የዋለ ሹም፣ የቤት እመቤት፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ማታ በመምህር ቤት ተሰብስበው እንደ ሕፃን ሲታረሙ ማየት በደቡብ ሕንድ የተለመደ ነው።

በ1963 ማዱራይ የተወለደችው ዝነኛዋ ዘማሪ ኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ጎሕ ሲቀድ የሚደገመውን የቬንካቴሻ ሱፕራባታም በሸክላ አስቀረጸችው። ከዚያ ወዲህ በደቡብ ሕንድ ቁጥር ስፍር የሌለው ቤት ማለዳውን በእርሷ ድምፅ ይቀበላል። ይህች ሴት የብራህሚን ልጅ አልነበረችም፤ እናቷ በሙዚቃ ሥራ የምትኖር የቪና ተጫዋች ነበረች። በ1998 የአገሪቱን ከፍተኛ ሽልማት ባራት ራትናን ስትቀበል ከሙዚቃ ሰዎች የመጀመሪያዋ ሆነች። ብዙ ሰው የሳንስክሪትን አጠራር የተማረው ከርሷ ሸክላ ነው።

ሸክላም ሆነ ዛሬ በኪስ የሚያዘው ስልክ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ተማሪው ቢሳሳት ዝም ብሎ ይቀጥላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚኖሩ ሂንዱዎች ልጆቻቸውን በሕንድ ካለ መምህር ጋር በስልክና በኮምፒዩተር አገናኝተው የሚያስተምሩትም ስለዚህ ነው። መሣሪያው መንገዱን አሳጠረው፤ የሚሰማውን ጆሮ ግን ሊተካው አልቻለም።

የተዘጋው በር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንድረስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው የሰዋስው ሊቅ ፓታንጃሊ በዘመኑ ከ1,100 በላይ የቬዳ ቅርንጫፎች እንደነበሩ ቆጥሯል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የቬዳን ዜማ በ2003 ከሰው ልጅ ታላላቅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ ሲያውጅ፣ በ2008ም በቅርስ መዝገብ ሲያስገባው፣ የቀሩት ዐሥራ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

ከምክንያቶቹ አንዱ እንጀራ ነው። ልጅን ዐሥራ ሁለት ዓመት በቃል ትምህርት ማኖር የሚችለው መሬት ወይም ደጋፊ ያለው ቤተ ሰብ ነው። በኬራላ ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመሬት ሕግ መሬቱን ለአራሹ ሲሰጥ፣ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ሆነ፤ በባለ ርስትነት ይኖሩ ለነበሩት ለናምቡዲሪዎች ግን ትምህርቱን የሚደግፈው ገቢ ቀረ። አባቶችም ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤትና ወደ መንግሥት ሥራ ላኩ። ማን ይወቅሳቸዋል? የሕንድ መንግሥት በ1987 ያቋቋመው፣ ዛሬ በኡጃይን ከተማ የሚገኘው የማሐርሺ ሳንዲፓኒ የቬዳ ትምህርት ድርጅት ለመምህራንና ለተማሪዎች ድጎማ የሚሰጠው ይህን ለማቃለል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው የዘጉት በር ነው። ጋውታማ በተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ከዝቅተኛው መደብ የሆነ ሰው ቬዳን ሆን ብሎ ቢሰማ ጆሮው ቀልጦ በፈሰሰ ማዕድን እንዲሞላ ተጽፏል። የተሰማው ቃል ለሚበዛው ሰው መስማቱ እንኳ የተከለከለ ሆነ። ሴቶችም ተከለከሉ። ሆኖም በሪግ ቬዳ ውስጥ እንደ ጎሻና አፓላ ባሉት ሴቶች ስም የሚጠሩ መዝሙሮች አሉ። ጋርጊ የተባለችውም ሴት በሊቃውንት ጉባኤ ቆማ እንደተከራከረች በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ተነግሯል። ስለዚህ በሩ ከመጀመሪያው እንዲህ ተጠርቅሞ ነበር ለማለት አይቻልም።

ቢምራኦ አምቤድካር (1891–1956) «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ተወልዶ፣ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ሳንስክሪት ለመማር ቢፈልግ በመደቡ ምክንያት ተከልክሎ ፋርስኛ እንዲማር ተገደደ። ይህ ልጅ አድጎ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1950 በሥራ ላይ የዋለውም ሕገ መንግሥት ሰውን የማይነካ ብሎ ማግለልን ሻረ። የተከለከለው ልጅ ለአገሩ ሕግ ሠራ፤ የከለከሉት ግን ምን ዓይነት ተማሪ እንዳመለጣቸው ያወቁ አይመስለንም።

ዛሬ በሩ ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው። በቼናይ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ (1888–1989) የተባለው የዮጋና የቬዳ ሊቅ፣ ራሱ የጥንቱን ሥርዓት አጥባቂ ሲሆን፣ ለሴቶችም ዜማውን አስተማረ። በፑኔ ከተማ ሴቶች ተምረው በሠርግና በሌላም ሥርዓት ላይ የሳንስክሪቱን ጸሎት ያደርሳሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ብራህሚን ያልሆነ ሰው ተምሮ ብቁ ከሆነ የቤተ መቅደስ ካህን ሊሆን እንደሚችል ፈረደ። በኬራላም በ2017 ስድስት ዳሊቶች ያሉባቸው 36 ብራህሚን ያልሆኑ ሰዎች ለካህንነት ተመረጡ። ይህን የሚቃወሙ አሉ፤ ሥርዓቱ በተወሰነ ቤተ ሰብ ውስጥ ስለ ተጠበቀ ነው እስከ ዛሬ የቆየው ይላሉ። ክርክራቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የጠበቁት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን ያው ጠባብነት ዛሬ ወራሽ እያሳጣቸው መሆኑም መካድ አይቻልም።

ድምፅ ወይስ ትርጓሜ?

ሌላም ክርክር አለ። ሳይገባ የተደገመ ጸሎት ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ የኛ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ካውትሳ የተባለ ጥንታዊ ሊቅ የቬዳ ቃላት ትርጉም የላቸውም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ያስካ የተባለው የቃላት ፈቺ ይህን ተቃውሞ፣ ቃሉን ይዞ ትርጓሜውን የማያውቅ ሰው ጭነት ከተሸከመ ግንድ አይሻልም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በቅርቡም ዘመን ፍሪትስ ስታል የተባለው የሆላንድ ተወላጅ ሊቅ የካውትሳን ወገን ያዘ። ይህ ሰው በ1975 በኬራላ በፓንጃል መንደር ናምቡዲሪዎች ለዐሥራ ሁለት ቀን ያደረጉትን፣ ከሺህ በላይ በሆኑ ጡቦች የወፍ ቅርጽ ያለው መሠዊያ የሚሠራበትን የአግኒ ሥርዓት በፊልም ያስቀረጸ ነው። ባየውም መሠረት ሥርዓቱ የሚኖረው በሕጉ እንጂ በትርጓሜው አይደለም አለ።

በኛ አስተያየት ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ድምፁን ብቻ የያዘ ሰው ትርጓሜውን ወደ ፊት ለሚመረምር ሰው አደራ ይጠብቃል፤ እርሱ ባይኖር ሊቁ የሚመረምረው ባልኖረ ነበር። ትርጓሜውን ብቻ የያዘ ደግሞ የመዝሙሩን ግማሽ አጥቶታል። ነገር ግን ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲደግም ኖሮ ምን እንደሚል ሳይነገረው ቢቀር፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የመምህሩ ነው።

ወጣት አንባቢያችን ከዚህ ሁሉ ምን ያገኛል? የሂንዱን ሃይማኖት እንዲከተል አልጻፍንለትም። ነገር ግን ሳይሰማ የሚናገር፣ ሳይታረም አወቅሁ የሚል በበዛበት ጊዜ፣ አንድን ቃል በትክክል ለመጥራት ወራት የሚታገሥ ሰው መኖሩን ማወቅ መልካም ነው። በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት ሥራውን ከላይ ወደ ታች ሠርቶ ከታች ወደ ላይ የሚመረምር ሰው ብዙ ስሕተት አያመልጠውም። ደግሞም በየገዳሙና በየደብሩ፣ በየገጠሩም፣ በልባቸው ብዙ የያዙ ሽማግሌዎች አሉን። ድምፃቸውን በመሣሪያ መቅረጽ ተገቢ ነው፤ ግን ሥራው በዚያ ያለቀ አይምሰለን። ከፊታቸው ተቀምጦ ሲሳሳት የሚታረም ተማሪ ያስፈልጋቸዋል።

ምሳሌያችን በቃል ያለ ይረሳል ማለቱ ሐሰት አይደለም። የሕንድ ደጋሚዎች ግን በቃል ያለም ተቀባይ ካገኘ እንደሚወረስ አሳይተውናል። በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን የሚያነበው ከጠፋ ያው የተረሳ ነው። እንግዲህ የቅርስ ጉዳይ በመጨረሻው ወደ አንድ ጥያቄ ይደርሳል፤ መማር የሚፈልግ ሰው ከደጅ ሲቆም በሩ ይከፈትለታልን? በሕንድ አገር የዚህ ጥያቄ መልስ ገና እየተሰጠ ነው።